የመንገዱ ሌላኛው ፊት

በዚያ ደን ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ የሚቀቡት ባልና ሚስት ነበሩ። መንገድ ሲባል አስፋልት አይደለም። ከላይኛው ሐይቅ አጠገብ ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ይነሳል፤ በጥድ ዛፎች ሥር ሹልክ ሹልክ እያለ፣ አለት ወጥቶ አለት ወርዶ፣ ባልና ሚስቱ ከሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ጠዋት የጀመረው ሰው ማታ ከተማው ውስጥ ጫማውን ያወልቃል። ቅባቸውም በየዛፉ ግንድና በየድንጋዩ ላይ የሚያርፍ፣ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ምልክት ነው። እንግዳ ሰው አንዱን ምልክት አልፎ ሌላውን ካየ አልጠፋም። ካላየ ግን ደን ደን ነው፤ አይራራም።

ሥራው አንድ ሕግ አለው። ምልክት የሚቀባው ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊት ነው። ከላይ ለሚመጣው የዛፉ አንዱ ፊት ይቀባል፣ ከታች ለሚመጣው ሌላው ፊት። ታዲያ አንድ ሰው እየሄደ፣ ዞር እያለ ሁለቱንም ቢቀባ ምን አለበት ይላል የማያውቅ። አይሆንም። ዛፉን ያለፈ ሰው መንገዱን አውቆታል፤ ያወቀ ዓይን ደግሞ ያላወቀው ሰው የት ላይ እንደሚደናገር አይታየውም። ስለዚህ በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲጠነክር፣ ባልየው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ ከተማው፣ ሚስቲቱ ከከተማው ወደ ማቆሚያው፣ በአንድ ጠዋት ከሁለት ጫፍ ይነሳሉ። እኩለ ቀን ላይ መሃል ቦታ፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ይገናኛሉ። ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳሉ፣ ይቀላለዳሉ፤ ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ይለያያሉ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። በአንድ መንገድ አርጅተው፣ አንዳቸው የሌላቸውን መንገድ አያውቁትም ነበር።

የከተማው ፀጉር አስተካካይ ለሁለቱም ስም አውጥቶላቸዋል። ባልየውን "ቃለ አጋኖ" አለው፤ አፉን ከከፈተ ነገር ሳያሳብጥ አይዘጋማ። ያመለጠው ዓሣ ሁሉ ጥጃ ያህላል፤ የመታው ዝናብ ሁሉ ኖኅ ያየው ዓይነት ነው። ሚስቲቱን ደግሞ "ቀጥታ" አላት። የእሷ ነገር እንደተወጠረ ክር ነው፤ አራት ከሆነ አራት፣ አምስት ከሆነ አምስት። "እነዚህ ሁለቱ ባይጋቡ ኖሮ" ይላል ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ "እሱ እንደ ፊኛ ሰማይ ላይ ይቀር ነበር፣ እሷም እንደ ችካል መሬት ውስጥ ትገባ ነበር።"

ቋጥኙ ሥር ሲገናኙ ቃለ አጋኖ ሁልጊዜ ዳቦውን ሳይጎርስ ይጀምራል።

"ዛሬ ሐይቆቹን ብታዪያቸው። ሰማዩ ደክሞት ወርዶ የተኛ ነው የሚመስለው። አንዱ ከአንዱ ሥር፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ እስከ ዓለም ጫፍ።"

"ሐይቆቹ ሦስት ናቸው" ትለዋለች ቀጥታ። "ብላ አሁን፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።"

እሷ በምትመጣበት በኩል ሦስቱም ሐይቆች በየተራ በግንዶች መሃል ብልጭ ይሉና ይጠፋሉ። ሰማይ ሲተኛ አይታ አታውቅም። ባሏን ትወደዋለች፤ ወሬውን ግን እንደ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ቆጥራ፣ ሁለቱን አውጥታ ነው የምትጠጣው።

በዚያ ዓመት በረዶው ገና ሳይቀልጥ ቃለ አጋኖ ከቤታቸው ጣሪያ ላይ በረዶ ሲገፋ አብሮት ወረደ። ዳሌው ተሰበረ። ለጠያቂው ሁሉ "ከሰባተኛው ሰማይ ነው የወደቅኩት" ይላል፤ ጣሪያው ግን ረዘም ያለ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ነው። አልጋው ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተዘረጋለት። እዚያው ሆኖ ዕቃ ማጠቢያው ሥር የተደረደሩትን የቀለም ቆርቆሮዎች፣ በጠርሙስ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ላይ የቆሙትን ብሩሾች፣ ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ጥንድ ቦቲዎች ሲያይ ይውላል። ከሁለቱ ጥንድ አንዱ በዚያ ዓመት የትም አይሄድም።

አንድ ቀን የደን ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ለዘብ ያለ፣ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩ እንዳይጮህ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ሻይ ቀረበለት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ ቆየ።

"እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለ። "ባለፈው ዓመት ከሐይቆቹ ማዶ ባለው መንገድ ላይ አንዲት መንገደኛ ምልክት አጥታ ደን ውስጥ አደረች። ተገኘች፤ ግን የእግር ጣቶቿን ብርዱ ወሰደባት። ሆስፒታል ሄጄ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ ያልጠራ መንገድ እንዲኖር አልፈልግም። እንዲህ ያለ መንገድ ካለ ድልድዩን አንስቼ፣ ሰሌዳውን ነቅዬ ለደኑ እተወዋለሁ። የእናንተ መንገድ ሁለት ሰው የሚፈልግ ነው። አሁን ያለው አንድ ሰው ነው።"

"በምርኩዝ እሄዳለሁ" አለ ቃለ አጋኖ ከአልጋው። "አንበሳ በሦስት እግሩም አንበሳ ነው።"

"አንተ ዝም በል" አለችው ሚስቱ። "አጥንት የሚገጥመው ዝም ሲባል ነው።" ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። "ሁለቱም ፊት ይቀባል።"

"ቅዳሜ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስቼ ካርታ ይዤ እሄድበታለሁ" አለ እሱ። "ካልጠፋሁ መንገዱ ይኖራል። ከጠፋሁ ይዘጋል። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላውቅም።"

ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ቀጥታም ብትሆን ከዚህ የተለየ አትፈርድም ነበር። ተቆጣጣሪው ከወጣ በኋላ የተረፈውን ሻይ ደፍታ ብርጭቆውን አጠበች። ከዚያ መንገድ ውጪ ምን ሕይወት አላቸው? የተዋወቁት በዚያ ነው፤ ልጃቸውን አዝለው የሄዱት በዚያ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሣሩ አንድ በጋ አይፈጅበትም፤ ሁለተኛው በጋ ላይ መንገድ ነበረ ብሎ የሚምል ሰው ውሸታም ይባላል።

የራሷን ፊት ሐሙስ ቀባችው። ዐርብ ገና ሲነጋ የባሏን ብሩሽ፣ የባሏን መፋቂያና የቀለም ባልዲውን ይዛ ተነሳች። ቃለ አጋኖ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"ስሚኝማ፣ አለቱ ሜዳ ጋ ስትደርሺ..."

"ከሃያ ዓመት በላይ የሄድኩበትን መንገድ ልታስረዳኝ ነው?"

መልሱን ሳትጠብቅ በሩን ዘጋች።

ወደ ማቆሚያው የሚወስደውን የጠዋቱን አውቶቡስ የምትነዳው ልጃቸው ናት። እናቷ ከኋላዋ ባለው ወንበር ላይ ባልዲውን በጉልበቶቿ መሃል አቅፋ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ በዚህ በኩል ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"መንገዱ አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆናችሁ ትቀቡታላችሁ?"

"ሾፌር ፊት ለፊቱን ይመልከት" አለቻት።

ልጅቷ በመስታወቱ አይታት ሳቀች። "የምጠይቅሽ መንገዱን የማያውቅ ተሳፋሪ ደን ውስጥ ላለማውረድ ብዬ ነው።"

ማቆሚያው ላይ ወርዳ የመጀመሪያውን ዛፍ ቀባች። ሁለተኛውን ቀባች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አንድ ነገር ልክ አልመጣላትም። ደኑ ያው ደን ነው። ጥዶቹ ያው ጥዶች ናቸው፤ ነጭ ልጣጫቸው እንደ ወረቀት የሚገለፈፈው ቀጫጭን ዛፎችም ከሥራቸው አሉ። ግን ሁሉም ዞሯል። ዘመን ሙሉ ጀርባውን ብቻ ስታይ የኖረችው ሰው ድንገት ዞር ብሎ ፊቱን ያሳያት ያህል ሆነባት። ለካ ዛፍም ፊት አለው። በእሷ በኩል ደረቅና ግራጫ የነበረው ግንድ በዚህኛው በኩል ከሥሩ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ለብሷል። በእሷ በኩል ጠዋት ጀርባዋን የምትመታው ፀሐይ አሁን ከፊት መጥታ በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ የሸረሪት ድሩ ሁሉ በርቷል፣ የጤዛው ጠብታ ሁሉ የየራሱ መብራት አለው። ከቅርንጫፎቹ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ብርሃኑ አልፎበት ሽበት መሆኑ ቀርቶ ሐር መስሏል።

"ይሄን ሁሉ እኔ አለፍኩት?" አለች ለራሷ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ቀጥታ አይደለች እንዴ።

የባሏን አሮጌ ምልክቶች አንድ በአንድ እያገኘች አደሰቻቸው። የእሱ አቀባብ ከእሷ ይለያል። እሷ አራት ማዕዘኑን ጠርዙን ጠብቃ፣ በልክ ነው የምትቀባው። እሱ የቀባው ወፍራም ነው፣ ከልክ ያልፋል፤ አንዳንዱ ግንድ ላይ ከመዳፍ ይልቅ ሳህን ያህላል። "ምልክትም ያጋንናል" ብላ ፈገግ አለች። ግን ከሩቅ ይታያል። ይህን ማመን ነበረባት።

ከእኩለ ቀን በፊት አለቱ ሜዳ ጋ ደረሰች። እዚያ ዛፍ የለም። ራቁት፣ ግራጫ፣ እንደ ትልቅ እንስሳ ጀርባ የተነፋ አለት ነው። ከስንት ዘመን በፊት በዚያ ምድር ሁሉ ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር፤ ከተራራ የወፈረ በረዶ፣ እየተንፏቀቀ አለቱን የላገ፣ ሸለቆውን የቦረቦረ። ሲቀልጥ የቦረቦረውን ሁሉ በውሃ ሞልቶት ሄደ፤ ሐይቆቹ የእሱ ዱካ ናቸው። እዚህ አለት ላይ የሚቀባ ምልክት ግን አይበረክትም፤ በየዓመቱ በረዶ ያልሰዋል። ቀጥታ በራሷ በኩል ስትመጣ እዚህ ቦታ የምትተማመነው በአንድ ጎንበስ ባለ፣ ጎኑ ላይ ጠባሳ ባለበት ጥድ ነው። ጎንባሳው ጥድ ጋ ስትደርስ ወደ አለቱ ትወጣለች፤ ስለዚህ ከወዲህ በኩል ደግሞ እዚያው ጥድ ጋ ከአለቱ ወርዶ በግራ መታጠፍ ነው። ቀላል ነገር።

ጎንባሳ ጥድ ፈለገች። የለም። ከአለቱ ማዶ ያሉት ሁሉ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ ናቸው። ወደ ፊት ሄደች፤ ትንሽ ራቅ ይላል ብላ። አለቱ አለቀ፣ ቁጥቋጦ መጣ፤ ቁጥቋጦው አለቀ፣ ረግረግ መጣ። ቦቲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። ፀሐይዋ መሆን በማይገባት ትከሻዋ ላይ ነበረች። ዞር ብላ ስታይ የመጣችበት አለት ራሱ አይታይም።

የመንገዱ ቀቢ በመንገዱ ጠፋች። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ቢሰማ የሚላጨውን ሰው ትቶ ወደ ውጪ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ ደረቷ ውስጥ ቀዘቀዘ። ጣቶቿን ብርዱ የወሰደባት ሴት ትዝ አለቻት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለዚያች ሴት ስታስብ በልቧ "ምልክት አታይም እንዴ?" ትል ነበር። አሁን እሷም ምልክት አጥታለች። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ሆኑባት፤ ሁሉም ያዩዋታል፣ አንዱም አይነግራትም።

መንገደኛን ሁሉ የምትመክረው ምክር አለ፤ የጠፋ ሰው ወደ ፊት አይሂድ፣ ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለስ። የገዛ ምክሯን ለመቀበል ከራሷ ጋር ትንሽ ታገለች። ከዚያ የራሷን ዱካ እየተከተለች ወደ አለቱ ተመለሰች፤ ራሷ ጠዋት ካደሰችው የመጨረሻ ምልክት ሥር ቆመች። እንደ ቀቢ አይደለም የቆመችው፣ እንደ እንግዳ ነው። ምንም እንደማታውቅ ሆና ዙሪያዋን አየች።

በግራ በኩል ከሻማዎቹ ጥዶች አንዱ ግንዱ ላይ ጠባሳ አለበት። ያ ጠባሳ የጎንባሳው ጥድ ነው። ዛፉ ያጎነበሰው ወደ እሷ ስለሆነ ከዚህ ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል። የካርታው መንገድ በዚያ ነው፤ አወቀችው። ባሏ ግን በዚህኛው ፊቱ ላይ ምንም አልቀባም። ጠጋ ብላ አየች፤ አሮጌም የለ፣ የተፋቀም የለ።

በቀኝ በኩል፣ ከአለቱ ከፍ ብሎ፣ የደበዘዘ ቢጫ አለ። ሳህን የሚያህል።

"ምን ፈልጎ ነው እዚያ?" አለች።

ተከተለችው። ሌላ አገኘች፤ ሌላም። ምልክቶቹ ከካርታው መንገድ እየራቁ ወደ ላይ ወጡ። የቅጥር ሥራ ነው ይሄ፤ ሰው የሚያምነው ምልክት ነው። ሚስቱ በየዓመቱ ቋጥኙ ሥር ዳቦ ስትቆርስለት ይህን ደብቋት ነበር ማለት ነው። በየምልክቱ አንድ አንድ ቁጣ እየጨመረች ወጣች። ባሏን የሚጠብቀው ነገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማታ አልጋው አጠገብ ቆማ የምትለውን ቃል በቃል ደርድራዋለች። ከሁሉም ከፍ ያለው ምልክት ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ነበር። ድንጋዩን ዞረችው።

ምድር አለቀች።

ከእግሯ ሥር አለቱ በሰፊ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ከጠርዙ በታች ባዶ አየር አለ፣ ከአየሩ በታች ሐይቆቹ አሉ። ሦስት አይደሉም። አንዱ ከአንዱ ሥር፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ በሸለቆው ወለል ላይ ተሰድረዋል፤ ቅርቡ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት እየሳሱ እየሳሱ ሄደው የመጨረሻው ውሃ ይሁን ብርሃን ዓይን አይለየውም። በመሃላቸው ደኑ ያለ ድምፅ ተኝቷል። ነፋስ የለም። ደመና በውሃው ውስጥ ይሄዳል፣ ያው ደመና ከላይም ይሄዳል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል አይታወቅም። አንድ ነጭ ወፍ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ውሃው ላይ በረረች። ወፍን ከላይ ወደ ታች ማየት ቀጥታ ከዚያ በፊት ደርሶባት አያውቅም።

ቁጭ አለች። መዳፏን አለቱ ላይ ስታሳርፍ ጭረት ነካች፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጭረት፣ ከጎኑ ሌላ ጭረት፣ ከእሱም ጎን ሌላ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፤ በዓይኗ ተከተለቻቸው፣ ከጠርዙ አልፈው ቢቀጥሉ በሐይቆቹ ላይ ነው የሚያልፉት። ያ ግግር በዚህ ሄዶ ነበር። በጎተተው ድንጋይ እንደ ጥፍር አለቱን እየጫረ፣ እዚህ እሷ በተቀመጠችበት ላይ፣ ከራሷ በላይ ከተራራ ቁመት በሚበልጥ ከፍታ ተጭኖ። ከዚያ ሄደ። ከዚያ ውሃው መጣ፣ ከዚያ ዛፉ፣ ከዚያ ወፏ፣ ከዚያ አንድ ወሬ የሚያበዛ ሰው ቢጫ ቀለም ይዞ። ጭረቱን በጣቷ እየዳሰሰች ቆየች። ብሩሹ ከእጇ ቀለሙን ቦቲዋ ላይ ያንጠባጥብ ነበር፤ አላየችውም።

"ሰማዩ ደክሞት ወርዶ የተኛ" ይላል ባሏ። ቀንሶ ነው የነገራት።

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች አታውቅም። ጥላዋ ሲዞር ነው ሥራዋ ትዝ ያላት፤ ሥራዋ ትዝ ሲላት ደግሞ ቅዳሜ ትዝ አላት። ተቆጣጣሪው ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። ካርታው በጎንባሳው ጥድ በኩል ይላል። ሁለት መንገድ አንድ ላይ አይቀባም፤ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወይ የባሏን ምልክቶች ፍቃ መንገዱን ወደ ካርታው መመለስ ነው፣ ወይ እነሱን አድሳ ቅዳሜን መጠበቅ ነው። ተቆጣጣሪው ምልክቱ ከካርታው ወጥቷል ካለ መንገዱ ከእነ ሁለቱ ፊቱ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም።

መፋቂያውን አወጣች። ለእሷ ይህ ከባድ ውሳኔ መሆን አልነበረበትም፤ ዕድሜዋን በሙሉ በልክ የኖረች ሴት ናት። ጠርዙ አጠገብ ያለውን ምልክት መፋቅ ጀመረች። የደረቀው ቢጫ ቀለም እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሳ ረገፈ። ግማሹ ላይ ስትደርስ ወደ ሐይቆቹ ዞር ብላ አየች። ነገ አንድ ሰው ካርታውን ይዞ ያልፋል፤ በዚያኛው በኩል፣ በጥዶቹ መሃል፣ መሬት መሬት እያየ፤ ይህ ሁሉ ከዚህ ድንጋይ ጀርባ እንዳለ ሳያውቅ ከተማ ገብቶ ጫማውን ያወልቃል። እሷ ራሷ ያንን ሰው ሆና ነው የኖረችው።

መፋቂያውን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ግማሹ በተፋቀው ምልክት ላይ ቀባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዳፍ አስበልጣ ቀባች፤ ወደ ላይ የወጣችባቸውንና ከጠርዙ ወደ ቋጥኙ የሚወርዱትንም እንዲሁ።

ቤት የገባችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቃለ አጋኖ ዓይኑን ከበሩ አላነሳም ነበር። ቦቲዋን አየ፣ ቢጫ የተንጠባጠበበትን።

"በየት መጣሽ?" አላት ቀስ ብሎ።

"አንተ ባጣመምክበት።"

ትራሱን አስተካከለ። 

"ለምንድነው ያልነገርከኝ?"

"ነግሬሻለሁ። በየዓመቱ ነግሬሻለሁ።"

"መንገዱን ማዞርህን ነው ያልነገርከኝ።"

"እሱን ብነግርሽ ታስመልሺኝ ነበር።"

እውነት ነው፤ ታስመልሰው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የቦቲዋን ክር መፍታት ጀመረች። እጆቿ ደክመዋል፤ እሱ ተንጠራርቶ አንዱን ክር ፈታላት።

"ተቆጣጣሪው ቢጠይቅ" አለ፣ "ያ ውሸታም ባሌ ነው ያደረገው በይው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?"

"ዛሬ የቀባሁት እኔ ነኝ" አለች። "ባለ ሙሉ እግሯ።"

በማግስቱ ባልዲዋን ይዛ ከከተማው በኩል ወጥታ ቋጥኙ ሥር ተቆጣጣሪውን ጠበቀችው። ቋጥኙ ቤት ያህላል፤ እሱንም ግግሩ ከሩቅ ተሸክሞ አምጥቶ ነው፣ እንደ እንቁላል በትናንሽ ድንጋዮች ላይ ያስቀመጠው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሰው የለም። ዳቦ ይዛ ነበር፤ አልቆረሰችውም። ፀሐይ ከአናት አለፈች። ጠፍቶ ይሆን? ወይስ ጎንባሳው ጥድ ጋ ካርታውን አይቶ፣ ምልክቱን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ? ባሏ እዚህ ቢሆን ይህን ዝምታ በአንድ ነገር ይሞላው ነበር። እሷ ወደ ላይኛው ምልክት እያየች ቆመች።

መጣ። የመጣው ከላይ ነው፣ ከጠርዙ በኩል። ሲራመድ እንደ ዘገየ ሰው አይቸኩልም። አጠገቧ ደርሶ ተቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጠርጎት ሲያበቃ መልሶ ጠረገው።

"ዘገዩ" አለችው።

"ዘገየሁ።" ካርታው በእጁ ውስጥ ተጣጥፏል። "አልጠፋሁም። ምልክቱ አንድም ቦታ አላታለለኝም። ግን ካርታው በዚያ አይልም።"

"አይልም።"

"ማን ነው ያዞረው?"

"ባለቤቴ አዞረው። ትናንት አይቼው፣ አውቄ፣ እኔ ቀባሁት።"

ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው። ሳይጎርስ ያዘው፤ ያ ነገር የሆነ ሰው አስታወሳት።

"እዚህ መሥሪያ ቤት ስገባ የሰጡኝ ይሄንን ካርታ ነው" አለ። "ሁልጊዜ ትክክል ነው ብዬ..." ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። "ከጠርዙ ምልክት እስከ ገደሉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃሉ?"

"ትንሽ ነው።"

"በጣም ትንሽ ነው። እኔ ራሴ ወደ ውሃው እያየሁ ስራመድ ነበር። አንድ ሰው እዚያ ልጅ ይዞ ቢመጣስ?"

ይህን አላሰበችውም ነበር። እንግዳ ሆና አየች እንጂ፣ ልጅ የያዘ እንግዳ ሆና አላየችም። "መንገዱ ይዘጋል?" አለች።

ተቆጣጣሪው ወደ መጣበት አቅጣጫ አየ። ከቋጥኙ ሥር ሆኖ ምንም አይታይም፤ ዛፍ ብቻ ነው።

"እንዳለ አይሆንም" አለ። "ምልክቱ ወደ ኋላ ይመለስ። ጠርዙ ላይም ሰው የሚያግድ ነገር ይኑር። ያ ከሆነ ካርታውን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ካልሆነ በጥዱ በኩል ይመለሳል።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ድንጋይ ይበቃል። ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ክምር።"

"ድንጋይ ሞልቷል" አለች። ባልዲዋን አነሳች።

አብረው ወጡ። ቀጥታ በፊቱ ሄደች፤ በዚህ በኩል፣ ከቋጥኙ ወደ ጠርዙ፣ ምንም ምልክት የለም። ስለዚህ በየዛፉ እየቆመች የራሷን ፊት ቀባች፤ ሐሙስ በጥዱ በኩል የቀባችውን በኋላ ትፍቀዋለች፤ እሱም ሳያጣድፋት ከኋላ ጠበቀ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላው ብርሃን ሐይቆቹን ሁሉ ነሐስ አድርጓቸው ነበር፤ ትናንት ያየቻቸው አልነበሩም፣ ሌሎች ናቸው። ተቆጣጣሪው ኮቱን አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለ። ግግሩ በትኗቸው የሄደውን ድንጋዮች እየለቀሙ ከጠርዙ መለስ ብለው መደርደር ጀመሩ፤ ትልልቁን ከሥር፣ ትንንሹን ከላይ።

እሱ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ቀና ይላል፣ ቁልቁል ያያል፤ ሌላውን ማምጣት ይረሳል።

"ሥራ ላይ ነን" አለችው ቀጥታ።

"ይቅርታ" ብሎ ጎንበስ አለ።

እሷም የያዘችውን ድንጋይ ክምሩ ላይ ልታስቀምጥ ሄደች። ከታች ነፋስ ተነስቶ የቅርቡን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር አሻሸው፤ ነሐሱ ተሰበረና ሺህ ሆነ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሐይቅ ተሰበረ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ነፋሱ በሸለቆው እየወረደ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር። ድንጋዩን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች እስከ መጨረሻው አየችው። ተቆጣጣሪውም "ሥራ ላይ ነን" አላላትም።